ዘር ቆጣሪ

ሥራዬ ይኼ ነው፦
መልኮ ከጣቢያው ጥግ፣ ከቆርቆሮው ጥላ፣
በሽታ አሳድጋለሁ፣ ችግኝ እንዲበላ።
ማሽላ ቀቅዬ፣ በጠርሙስ ከድኜ፣
ሻጋታ እቀልባለሁ፣ እንደ ሞግዚት ሆኜ።
ነጭ ጸጉር ሲያበቅል፣ ከቦዬ ረግረግ ዳር ተዝቆ ከመጣ
አፈር ጋር ለውሼ፣
ውኃ አጠጣዋለሁ፣ ሽታው እስኪወጣ።
ከዚያ በላዩ ላይ አኩሪ አተር እዘራለሁ፤
መቶ እቀብራለሁ፣
ቁጭ ብዬ እቆጥራለሁ።

በአምስተኛው ቀን ላይ አፈሩ ሲሰነጠቅ
አንገቱን ደፍቶ ነው ቡቃያው የሚወጣ፣
እጅ እንደሚነሳ ሰው ጎንበስ፣ ዝቅ።
ቀና ሊል ሲሞክር በሽታው ይመጣል፤
ወገቡ ይቀጥናል፣ ውኃ ይቋጥራል፣
በማግሥቱ ጠዋት ተኝቶ ይገኛል።
ዘጠና ሰባቱን በእርሳስ ሰረዝኩ፤
ሦስቱን ከበብኩ።

ተማም ይስቅብኛል፣ ውኃ እየቀዳ፦
"ሰው በሽታ ሲያይ ይሸሻል፤
አንተን ግን መንግሥት ደመወዝ ይከፍልሃል፣
በሽታ ልትጋብዝ፣ እንደ ክብር እንግዳ!"

ምን ልበለው?
ዘሃራ አባ ዋሪ፣ ያቺ የቀርሳዋ፣
ሰኔ ላይ መጣች፣ ጭቃ በጫማዋ፣
በኮባ ቅጠል ውስጥ ጠቅልላ ማሳዋን።
ገልጣ አሳየችኝ፦ ክር የመሰለ ሥር፣
ቡናማ፣ ልፍስፍስ፣ ሲነኩት የሚላጥ።
"ሁለቴ ዘራሁት፣ ሁለቴ በላብኝ፤
ማዳበሪያው ዕዳ፣ ዘሩም ዕዳ ሆነኝ።
ልድገም ወይስ ልተው?"
መልስ አልነበረኝም። ኮባውን ተቀበልኳት።
ይኼ የምቀልበው ሻጋታ የሷ ነው፤
ከዚያ ሥር ቆንጥሬ ነው ያሳደግሁት።

እንግዲህ ቁጠር ያሉኝ ዘር ነው፣ ቆጠርኩ።
የያንዳንዱን እናት፣ የያንዳንዱን አባት፣
ከየት እንደመጣ፣ ስንተኛ ትውልዱ፣
መዝገብ ላይ አለኝ፣ ከነሐረጉ ከነግንዱ።
አንድ ቀን ናሙና ጭነን ስንሄድ፣ አንድ ኬላ ላይ፣
ጠባቂው ጆንያውን፣ ቀጥሎ ፊቴን ሲያይ፣
"ዘርህ ምንድን ነው?" አለኝ።
ምላሴ ደረቀ።
ሹፌሩ እጁን ሰዶ ሬዲዮውን ዘጋው።
"አኩሪ አተር" አልኩት።
ትንሽ ቆየና ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤
ገመዱ ወርዶ መኪናው እስኪያልፍ አልተነፈስሁም።

ከከበብኳቸው ሦስት አንዷ ናት የዘለቀች።
ቁመቷ ድንክዬ፣ ፍሬዋ ደቃቃ፣ ገበያ የማታወጣ፣
መዝገቧ ላይ በአባት አንጻር
"አይታወቅም" የተባለች።
ለሊሴ በወረንጦ አበባዋን ከፈተች፣ ትንፋሿን ውጣ፤
ከዚያ ከምርታማው፣ ከዚያ ከቁመተ ሎጋው
ብናኝ አምጥታ ነካችላት።
"ይቺ ዲቃላችን" ስትለኝ፣
ልጅ ሆኜ በሰፈር የጠገብኩት ስድብ ትዝ አለኝና፣
"ሌላ ስም የለውም?" አልኳት።
"የለውም። ክሩን አቀብለኝ"
አለች፣ ቀና ሳትል፣ አጎንብሳ እንደገና።

ስድስት ዓመት ይቀራል፣ ከተሳካ።

ዛሬ ማክሰኞ ነው። አዌቱ ሞልቷል።
ከልጆቿ አንዷ፣ የሞቱት መሃል፣
ቆማለች፣ ቀጥ ብላ።
ደስ ብሎኝ አላበቃም፣
ሥሯ ንጹሕ ይሁን አይሁን
ካልነቀሉ አይታይም፤ የቆመ ሁሉ ጤነኛ አይደለማ።
ነቀልኳት።
ሳፋ ውስጥ አጠብኳት፣ ተማም መብራት ያዘልኝ።
ነጭ።
እስከ ጫፉ ነጭ።
ሥሯ ላይ ካንጠለጠለችው እብጠት አንዱን በጥፍሬ ከፈልኩት፣
ውስጡ ቀይ ነበር፣ እንደ ሕፃን ድድ።
ተማም ሊስቅ አፉን ከፍቶ ነበር፣
ዘጋው።

እርሳሴን አንስቼ ከቁጥሯ ጎን "ዜሮ" አልኩ፤
በእኛ መዝገብ ዜሮ፣ በሽታ የለም ነው።
እጄን ሳልታጠብ ጥቂት ቆየሁ።
ደግሞ ሰኔ ገብቷል፤
ዘሃራ ዘንድሮ ምን ዘርታ ይሆን?